የገብስ ፍሬ ብቅል የሚሆነው እንዴት ነው? ፕሮቲንና ኤንዛይም በሕዋስ ውስጥ የሚሠሩበት ቦታ

የቢራ ገብስ ወደሚያመርቱ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ስንሄድ ደጋግሞ የሚነሣልን አንድ ጥያቄ አለ። «ገብሳችን ንጹሕ ነው፤ ፍሬው የሞላ ነው፤ ነቀዝ አልነካውም። ታዲያ ለምን ተመለሰብን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንድ ደጋማ ቀበሌ የሚገኝ ማኅበር መኪና ተከራይቶ፣ የጫኝና የአውራጅ ከፍሎ የወሰደውን ገብስ እንደገና አስጭኖ ሲመለስ አይተናል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው «እስቲ እናንተ የተማራችሁት ልጆች ንገሩኝ፤ ይህ ገብስ ምን ጎደለው?» አሉን። በዓይን ሲታይ የጎደለው ነገር አልነበረም። ከእፍኙ 100 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥነው። በሦስተኛው ቀን ስንገልጠው ከሲሶ የሚበልጠው አልጎነቆለም። ፍሬው ሞቶ ነበር።

ለቆሎ ወይም ለበሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ገብስ ነውር አልነበረበትም። ለብቅል ግን የሞተ ፍሬ ከጠጠር አይሻልም። ይህ የሆነበትን ምክንያት አጥርቶ ለመረዳት ሕዋስ ፕሮቲንንና ኤንዛይምን እንዴትና የት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን ከአውድማና ከመጋዘን ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሆኖ ስላገኘነው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ለገበሬው እንዲያስረዱት በዚህ ጽሑፍ አቅርበነዋል።

ብቅልና አሻሮ

ከቤት እንጀምር። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች እህሉን በሁለት መንገድ ያዘጋጃሉ። አንደኛው ብቅል ነው። ገብሱ ይነከራል፤ ውሃው ይጠለላል፤ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይታፈናል፤ ሲጎነቁል በሰሌን ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቅና ይፈጫል። ሁለተኛው አሻሮ ነው። አሻሮ በምጣድ ይቆላል፤ ለጠላው መልክና ጣዕም ይሰጣል። ብቅሉን ግን እንደ አሻሮው በምጣድ የሚያከስለው ሰው የለም። አሻሮና ጌሾ ብቻ ይዞ ያለ ብቅል የሚጠነስስም ጥሩ ጠላ አያገኝም።

ለምን? ጠላውን የሚያፈላው እርሾ ስታርችን መብላት አይችልም። እርሾ የሚበላው ስኳር ነው። በገብሱና በቂጣው ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው ስታርች ነው። ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርገው በብቅሉ ውስጥ የሚገኝ ኤንዛይም ነው። አሻሮው ሲቆላ ኤንዛይሙ ሁሉ በእሳት ጠፍቷል፤ ብቅሉ በፀሐይ ሲደርቅ ግን አብዛኛው ይተርፋል። እናቶቻችን የኤንዛይምን ስም ሳይሰሙ ሥራውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል።

በሳይንስ ታሪክም ቢሆን ከሕያው ነገር ተለይቶ የወጣው የመጀመሪያው ኤንዛይም የተገኘው ከገብስ ብቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 አንሰልም ፓያንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የብቅል ውሃን በአልኮል አጣርተው ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነጭ ዱቄት አገኙ፤ ስሙንም ዲያስቴዝ አሉት። ኤንዛይም ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ጄምስ ሰምነር የተባለ አሜሪካዊ ዩሬዝ የሚባለውን ኤንዛይም ከአንድ የባቄላ ዘመድ ፍሬ አውጥቶ በጠራ መልኩ አገኘና ፕሮቲን መሆኑን አሳየ፤ በ1946 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህ ዩሬዝ ለእናንተም እንግዳ አይደለም። በማሳ አፈር ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ሳይሸፈን መሬት ላይ የተበተነውን ዩሪያ ሰብሮ አሞኒያ እያደረገ ወደ አየር እንዲበን የሚያደርገው እሱ ነው።

ኤንዛይም አንድን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ፕሮቲን ነው። አንዱ ኤንዛይም አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ያውቃል። ስታርች የሚቆርጠው ፕሮቲን አይቆርጥም፤ ፕሮቲን የሚቆርጠውም ስታርች አይነካም።

ፕሮቲኑ የሚሠራው የት ነው?

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች እንደ ዶቃ በክር ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። የዶቃዎቹ ዓይነት 20 ነው። በቅደም ተከተላቸው መሠረት ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ የኤንዛይሙም ችሎታ ያለው በዚህ ቅርጽ ላይ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ቅርጹ ይፈታል። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ክፍል ቢቀዘቅዝም ወደ ቀድሞው ውሃነቱ እንደማይመለስ ሁሉ በሙቀት የተፈታ ኤንዛይምም በአብዛኛው ወደ ሥራው አይመለስም።

ቅደም ተከተሉን የሚያዝዘው በሕዋሱ አስኳል ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ ነው። ዲኤንኤን እንደ ማኅበሩ ዋና መዝገብ ቁጠሩት። መዝገቡ ከጽሕፈት ቤት አይወጣም፤ አንድ ሥራ ሲታዘዝ የሚመለከተው ገጽ ብቻ ይገለበጥና ግልባጩ ወደ ሥራው ቦታ ይላካል። ግልባጩ መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። ከአስኳሉ ወጥቶ ራይቦዞም ወደሚባለው ይደርሳል። ፕሮቲን የሚሠራበት ቦታ ይህ ነው። ራይቦዞሙ ግልባጩን በሦስት በሦስት ፊደል እያነበበ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ እየቀጠለ ሰንሰለቱን ያስረዝማል። «አቁም» የሚል ትእዛዝ ሲያጋጥመው ሰንሰለቱን ይለቀዋል።

ራይቦዞም እጅግ ትንሽ ነው። በ1 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ከ30,000 በላይ ተደርድረው ይበቃሉ። ስለዚህ በተራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ማየት አይቻልም። ጆርጅ ፓላዴ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ገለጻቸው፤ በ1974ም ከአልበርት ክሎድና ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ራይቦዞሞች የሚቀመጡበት ቦታ እንደ ሥራቸው ይለያያል። በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ልቅ ሆነው የሚገኙት በአብዛኛው ለሕዋሱ የውስጥ አገልግሎት የሚውለውን ፕሮቲን ይሠራሉ። ወደ ውጭ የሚላከው ፕሮቲን የሚሠራው ግን ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የታጠፈ ስስ ሽፋን ላይ በተለጠፉት ራይቦዞሞች ነው። ሰንሰለቱ እየተሠራ ወደ ሽፋኑ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጎልጂ አካል ይተላለፋል፤ እዚያም ተስተካክሎና ተለይቶ በትናንሽ ከረጢቶች እየተጫነ ወደ ሕዋሱ ጠርዝ ይሄድና ይራገፋል። ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ደግሞ ለራሳቸው የሚሆን የተወሰነ ፕሮቲን የሚሠሩባቸው የራሳቸው ራይቦዞሞች አሏቸው።

ይህ ሁሉ ሥራ ጉልበት ይፈጃል። ሕዋሱ ጉልበቱን የሚያገኘው በመተንፈስ ነው፤ ለመተንፈስ ደግሞ ኦክሲጂን ይፈልጋል። ገብስ ለብቅል ሲነከር ውሃው በየመሐሉ እየተጠለለ አየር እንዲያገኝ የሚደረገው ለዚህ ነው። ያለ ዕረፍት ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ገብስ ታፍኖ ይሞታል።

በገብሱ ፍሬ ውስጥ

አንድ የገብስ ፍሬ በቁመቱ ተሰንጥቆ ሲታይ ከግርዱ በታች ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። በአንደኛው ጫፍ ሽሉ አለ፤ ወደፊት ሥርና ቅጠል የሚሆነው እሱ ነው። መሐሉን የሞላው ነጩ ክፍል የሽሉ ስንቅ ነው፤ በስታርችና በተከማቸ ፕሮቲን የተሞሉ ሕዋሳት አሉበት። ስንቁን ዙሪያውን የሸፈነው ስስ ንጣፍ ደግሞ አሉሮን ይባላል። ውፍረቱ ሦስት ሕዋስ ያህል ብቻ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ፍሬው በስሎ ሲደርቅ የስንቁ ሕዋሳት ሞተዋል። በሕይወት ያሉት ሽሉና ስሱ አሉሮን ብቻ ናቸው። የፍሬው አብዛኛው ክብደት የሞተ ስንቅ ነው፤ ያን ስንቅ ሊከፍቱ የሚችሉት ግን በጫፍና በጠርዝ ያሉት ጥቂት ሕያዋን ሕዋሳት ናቸው።

ፍሬው ውሃ ሲጠጣ ሽሉ ይነቃና ጂበረሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የዚህ ሆርሞን ስም የመጣው ከጃፓን የሩዝ ማሳ ነው። በአንድ የፈንገስ በሽታ የተያዘ የሩዝ ቡቃያ ከልክ በላይ እየረዘመና እየቀጠነ ይወድቅ ነበር። ኩሮሳዋ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1926 ቡቃያውን የሚያስረዝመው ከፈንገሱ የሚወጣ ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ፤ በ1935 ደግሞ ያቡታ የተባለው ስሙን ጂበረሊን አለው። እጽዋት ራሳቸው እንደሚሠሩት የታወቀው በኋላ ነው።

ጂበረሊኑ ከሽሉ ተነሥቶ ወደ አሉሮን ሲደርስ ሕዋሳቱ መዝገባቸውን ገልጠው የአልፋ አሚሌዝን ገጽ ይገለብጣሉ። ራይቦዞሞቹ ሰንሰለቱን ይሠራሉ፤ ጎልጂው ይጭናል፤ ኤንዛይሙም ወደ ስንቁ ይፈስሳል። እዚያ ስታርቹን ይቆራርጣል። የስንቁን ሕዋሳት ግድግዳ የሚያፈርሱና የተከማቸውን ፕሮቲን የሚቆርጡ ሌሎች ኤንዛይሞችም አብረው ይሠራሉ። የጎነቆለ ገብስ በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጊዜ ተመራማሪዎች «ይህ ኤንዛይም በደረቁ ፍሬ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ቢሆንስ?» ብለው ተጠራጥረው ነበር። ጥርጣሬውን ያስወገዱት ፊልነርና ቫርነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጽሑፍ የገብሱን አሉሮን ከተለመደው ከበድ ያለ ኦክሲጂን ባለው ውሃ ውስጥ እንዳቆዩት ገለጹ። የተከማቸው ፕሮቲን በውሃው ሲሰበር ከባዱ ኦክሲጂን ወደ አሚኖ አሲዶቹ ይገባል፤ ከእነዚያ የሚሠራ አዲስ ፕሮቲንም ይከብዳል። የተገኘው አልፋ አሚሌዝ ከባድ ሆነ። ከመጎንቆሉ በፊት አልነበረም፤ የተሠራው በዚያው ጊዜ ነው። ቤታ አሚሌዝ የሚባለው ሁለተኛው ስታርች ቆራጭ ግን ፍሬው በማሳ ላይ ሲሞላ ቀድሞ የተቀመጠ ነው፤ ሲጎነቁል ከታሰረበት ይለቀቃል።

እንግዲህ ለሊቀ መንበሩ የሰጠነው መልስ ይህ ነው። ብቅል ፋብሪካው የሚገዛው ስታርቹን ብቻ አይደለም፤ በፍሬው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ጭምር ነው። ሽሉ ከሞተ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ የለም። አሉሮኑ ከሞተ ትእዛዙን የሚፈጽም የለም። ያልጎነቆለው ፍሬ በሞቀውና በረጠበው የብቅል ወለል ላይ ሻግቶ ደህናውንም ያበላሻል። ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ፍሬ ቢያንስ 95 እንዲበቅል የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሬው የሚሞተው በእጃችን ነው

ደረቅ ፍሬ ሙቀትን በመጠኑ ይችላል፤ እርጥብ ፍሬ ግን አይችልም። ብቅል ፋብሪካውም ይህን ሕግ ይከተላል። የጎነቆለውን ገብስ መጀመሪያ በለዘብተኛ ሙቀት ያደርቀዋል፤ ውሃው ከወጣ በኋላ ነው ሙቀቱን ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚያደርሰው። ገና በእርጥብነቱ 80 ቢያደርሰው የደከመበትን ኤንዛይም ያጣዋል።

በእኛ አገር ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በአጨዳና በክምር መካከል ነው። ዝናብ የነካው ወይም በደንብ ያልደረቀ ነዶ ሲከመር ፍሬው ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ይሞቃል፤ ሻጋታም ይነሣበታል፤ ሻጋታውም ሙቀት ይጨምራል። እጃችሁን ወደ ክምሩ ውስጥ አስገብታችሁ ሙቀት ከተሰማችሁ ጊዜ የለም፤ ክምሩ ተበትኖ መድረቅ አለበት። ያልደረቀ ገብስ በላስቲክ ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ማዋልም እንደዚሁ ነው። ገበሬው ከዝናብ ያዳነው መስሎት ያበስለዋል። በማድረቂያ መሣሪያ የሚያደርቅ ማኅበር ካለ የእህሉ ሙቀት ከ43 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይጠንቀቅ። ወደ መጋዘን የሚገባው እህል እርጥበት ከ13 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል።

ኮምባይን በሚሠራባቸው የአርሲና የባሌ ማሳዎች ሌላ ጉዳት አለ። የመውቂያው ሲሊንደር ከልክ በላይ ሲፈጥን ፍሬውን ይላጠዋል፣ የሽሉንም ጫፍ ይሰብራል። የማኅበሩ ተወካይ የመጀመሪያው ጆንያ እንደሞላ እፍኝ ዘግኖ ይመልከት። የተላጠና የተሰበረ ፍሬ ከበዛ ነጂውን አስቁሞ ፍጥነቱን ማስቀነስ ይገባዋል። ነጂው ይቆጣል፤ ይቆጣ።

በዛላው ላይ እንዳለ ዝናብ መትቶት የጎነቆለ ገብስም ለብቅል አይሆንም። ሥራውን በማሳ ላይ ጀምሮታል፤ ደርቆ እንደገና ሲነከር ወይ አይነቃም ወይ ደክሞ ይነቃል። በስንዴም ላይ ይህ ሲደርስ ዱቄቱ ውስጥ አሚሌዝ ስለሚበዛ ዳቦው ውስጡ እርጥብና የሚጣበቅ ይሆናል።

ፕሮቲን ሲበዛም ጉዳት ነው

የሕዋሱን ሥራ ካነሣን የዩሪያውንም ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ገብስ ከሥሩ የሚወስደውን ናይትሮጂን አሚኖ አሲድ ያደርገዋል። ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ከዚህ ብዙው ሆርዲን ወደሚባል የክምችት ፕሮቲን ይለወጣል፤ ይህም በዚያው በሽፋኑ ላይ ባሉት ራይቦዞሞች ተሠርቶ በስንቁ ውስጥ ይቀመጣል። ናይትሮጂን ዘግይቶ ሲጨመር ምርቱ ብዙም ሳያድግ ሆርዲኑ ይበዛል። ሆርዲን በበዛ መጠን ለስታርች የሚቀረው ቦታ ያንሳል፤ ከብቅሉም የሚገኘው ስኳር ይቀንሳል። ስለዚህ የብቅል ገብስ ፕሮቲን በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 በመቶ ባለው ወሰን ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። ትክክለኛው ወሰን በማኅበሩ ውል ላይ የተጻፈው ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ፕሮቲኑ 11 በመቶ የሆነ 1 ኩንታል ገብስ 11 ኪሎ ፕሮቲን አለው። ይህን ለ6.25 ስናካፍለው 1 ኪሎ ከ760 ግራም ናይትሮጂን ይሆናል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጂን ስለሆነ ከ3.8 ኪሎ ዩሪያ ጋር እኩል ነው። ለቢራ ገብስ ዩሪያው በጊዜ ይግባ፤ ገብሱ ዛላ ካወጣ በኋላ «ትንሽ ልጨምርለት» የሚለው ልማድ ይቅር። ለምግብ ገብስ ግን ፕሮቲን መጨመሩ ጉዳት አይደለም።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሆርዲን ላይሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ድሀ ነው፤ ሰውም ሆነ አሳማና ዶሮ ላይሲንን ከምግብ ካላገኙ ራሳቸው አይሠሩትም። እ.ኤ.አ. በ1970 ላርስ ሙንክና ባልደረቦቹ ስዊድን ውስጥ ብዙ የገብስ ዘሮችን ፈትነው ላይሲኑ ከፍ ያለ አንድ ዘር ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ሃይፕሮሊ ተባለ። ዘሩ የኢትዮጵያ ገብስ ነው። በአንድ ጂን ለውጥ የተነሣ ሕዋሳቱ ሆርዲን ቀንሰው ላይሲን ያላቸውን ሌሎች ፕሮቲኖች አብዝተው ይሠራሉ። ፍሬው ጨምደድ ያለ ስለሆነ ምርቱ አነስተኛ ነው። ቢሆንም በየጓሮው የሚዘራው አሮጌ ዘር ምን እንደያዘ በዓይን አይታወቅምና እንዳይጠፋ አደራ እንላለን።

ከመቀላቀሉ በፊት መፈተን

ወደ ተመለሰው ገብስ እንመለስ። ነገሩን ስንመረምር ከማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ ገብሳቸውን በደንብ አድርቀው ነበር ያስረከቡት። ጥቂቶቹ ግን ከሞቀ ክምር የወቁትን አምጥተዋል፤ አንዳንዱም ያምናውን ከዘንድሮው ደባልቋል። መጋዘን ውስጥ ሁሉም በአንድነት ተቆለለ። የታታሪውም የቸልተኛውም ገብስ በአንድ መኪና ተመለሰ። ሊቀ መንበሩን ያሳዘናቸው ከኪራዩ ይልቅ ይህ ነበር።

ስለዚህ ፈተናው በየአባሉ፣ ከመቀላቀሉ በፊት ይደረግ። ከአባሉ ጆንያዎች ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይወሰድና ሳይመረጥ 100 ፍሬ ይቆጠር። የተሰበረውን አውጥቶ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይረጠብና ይጨመቅ፤ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ፍሬው ይታፈናል። ፍሬዎቹ ሳይነካኩ ይደርደሩ፤ ጨርቁ ይጠቅለል፤ የአባሉ ስም ይጻፍበት፤ ብርድም ሙቀትም በማይበዛበት ቦታ ይቀመጥ። ጠዋትና ማታ ጨርቁ እንዳይደርቅ ውሃ ርጭት ይበቃዋል። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሥር ያወጣው ይቆጠር፤ በአምስተኛው ቀን የዘገየው ይጨመር። ጊዜ ካለ ከዚያው ገብስ በአራት ጨርቅ 400 ፍሬ መፈተን የበለጠ ያስተማምናል።

አንድ ነገር ግን እንዳያሳስታችሁ። አዲስ የታጨደ ገብስ ሕያው ሆኖ ሳለ ለጥቂት ሳምንታት ተኝቶ ላይበቅል ይችላል። በአጨዳ ሰሞን የተደረገ ፈተና ውጤቱ ዝቅ ካለ ገብሱን አትጣሉት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድገሙት። የተኛውን ከሞተው ለመለየት ያልበቀሉትን ፍሬዎች በጣት ጫን በሏቸው። የተኛው ውሃ ጠጥቶም ጠንካራና ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የሞተው ይልማል፣ ይሻግታል፣ ሲጫኑትም ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል።